ዊንዶውስ ያቃታት አሮጌ ዴል፦ ዴቢያንን ባዶውን መጫን

ጥያቄው፦ «ለታናሽ ወንድሜ ያገለገለች ዴል ላቲቲዩድ ዲ630 ላፕቶፕ ገዛሁለት። ራሟ 2 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኳ 80 ጊጋ ነው። ዊንዶውስ 7 አለባት፤ ግን ብራውዘር ስንከፍት ስታክ ታደርጋለች። እሱ የሚፈልገው አማርኛ መጻፍ፣ ፒዲኤፍ ማንበብ፣ ትንሽ ፓይተን መማር፣ አንዳንዴ ዩቲዩብ ማየት ነው። ቀለል ያለ ሊኑክስ ጫኚባት አሉኝ። የትኛውን ልጫን? እንዴትስ? ያለኝ ኢንተርኔት የስልክ ዳታ ብቻ ነው። ጌምስ ይሠራል ወይ ብሎም ጠይቂልኝ ብሎኛል።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አልተሸወድሽም። ዲ630 እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣች፣ ለቢሮ ሥራ ተብላ የተሠራች ጠንካራ ላፕቶፕ ናት። ፕሮሰሰሯ ኮር 2 ዱዎ ነው፤ ለዘረዘርሽው ሥራ ይበቃል። ዊንዶውስ 7 ግን ጊዜው አልፏል። ማይክሮሶፍት ድጋፉን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2020 ላይ አቁሟል። ክሮምም በ2023 ጥሎት ሄዷል። ስለዚህ መቀየሩ ትክክል ነው።

አሁን ወደ «የትኛውን» እንምጣ። ሊኑክስ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ነጻ ሥርዓት ነው፤ ዓይነቱም ብዙ ነው። ይሄን ጥያቄ ስትጠይቂ አሥር ሰው አሥር ስም ይነግርሻል። ፐፒ፣ አንቲኤክስ፣ ሉቡንቱ፣ ታይኒ ኮር፣ አልፓይን። ሁሉም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ታይኒ ኮር 20 ሜጋባይት አካባቢ ብቻ ነው፤ ያስገርማል፤ ግን ታናሽ ወንድምሽ ላይ አልፈርድበትም። ፐፒ ራም ላይ ሆኖ ስለሚሠራ ሃርድ ዲስኩ የሞተ ማሽን ላይ ተአምር ነው። አንቲኤክስ ደግሞ ራሟ ከ1 ጊጋ በታች ለሆነ ማሽን የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው።

ላንቺ ግን ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ነው የምለው። ያውም ባዶውን።

ባዶውን ስል ምን ማለቴ ነው? ሊኑክስን የሚያከብደው ስሙ አይደለም። ከላዩ የሚጫንበት ነው። እኔ ጋ ባሉት አሮጌ ማሽኖች ዴቢያን ያለ ምንም ዴስክቶፕ (መስኮትና ሜኑ የሚያሳየው ክፍል) ሲነሳ 100 ሜጋባይት ገደማ ራም ይዞ ይቀመጣል። ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለ ዴስክቶፕ ሲጨመርበት 400 አካባቢ ይደርሳል። ያው ዴቢያን በኖም ዴስክቶፕ ሲሆን 1 ጊጋ ይነካል። ሥርዓቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ጫኙ ላይ ምልክት የተደረገባቸው ሁለት ሳጥኖች ናቸው። እነዚያን ሳጥኖች ማጥፋት ነው ዋናው ሥራሽ። ወደ እነሱ እንደርሳለን።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፣ በኋላ እንዳትወቅሺኝ። ሥርዓቱን የፈለግሽውን ያህል ብታቀልዪው ብራውዘሩ አይቀልም። አንድ የዩቲዩብ ገጽ ብቻውን ከሙሉ ዴስክቶፑ የበለጠ ራም ይበላል። 2 ጊጋ ላይ ሦስት አራት ገጽ ከፍቶ መሥራት ይቻላል። ሃያ ገጽ የሚከፍት ልጅ ከሆነ ግን የትኛውም ሊኑክስ አያድነውም።

ከመጫንሽ በፊት ዊንዶውሱ ገና እያለ አራት ነገር እዪ።

አንደኛ ዲስኩን። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም አለ። ዲስኩን አይቶ «ጉድ» (ደህና ነው) ወይም «ኮሽን» (ተጠንቀቂ) ይልሻል። ኮሽን ካለሽ አትድከሚ፣ ዲስኩን ቀይሪው። ብዙ ጊዜ «ኮምፒውተሬ ዘገየ» ተብሎ የሚመጣልኝ ማሽን ችግሩ ዊንዶውስም ሊኑክስም አይደለም። እየሞተ ያለ ዲስክ ነው።

ሁለተኛ ሙቀቱን። የማራገቢያውን መውጫ በእጅሽ ዳሺ። ማሽኗ እየፈላች አየሩ ግን ደካማ ከሆነ ውስጡ በአቧራ ተደፍኗል። ፕሮሰሰር ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይሄ ጥገና ቤት ተከፍቶ ይጠረጋል፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ፓስታም ይቀየራል። ሳይጠረግ ሊኑክስ ጭነሽባት «ይሄም ያው ነው» እንዳትዪ።

ሦስተኛ የዋይፋይ ካርዷን። ዲ630 ወይ የኢንቴል ወይ የብሮድኮም ካርድ ይዛ ነው የወጣችው። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ስሙን አንብበሽ ጻፊው። ኢንቴል ከሆነ ተገላገልሽ። ብሮድኮም ከሆነ ትንሽ ሥራ አለ።

አራተኛ ሰዓቷን። ማሽኗን አጥፍተሽ፣ ቻርጀሩንም ባትሪውንም ነቅለሽ፣ ትንሽ ቆይተሽ አስነሺያት። ቀኑ ወደ ድሮ ዓመት ከተመለሰ ውስጥ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ተራ ነገር ትመስላለች። እኔ ግን ከዚህ ሥራ መጀመሪያ ላይ አንድ ሙሉ ከሰዓት በእሷ አቃጥያለሁ። ዴቢያን ተጫነ፣ ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ፕሮግራም ላወርድ ስል «ፋይሉ ገና አልጸናም» ዓይነት መልእክት እየሰጠ እምቢ አለ። ብራውዘሩም እያንዳንዱን ገጽ «አስተማማኝ አይደለም» ይላል። ኔትወርኩን ነቅዬ ሰካሁ፣ እንደገና ጫንኩ፣ ምን ቀረኝ። ለካ ማሽኑ ራሱን ከዓመታት በፊት ያለ መስሎታል። የደኅንነት ሰርተፍኬት የሚጸናበት ቀን አለው፤ ሰዓትሽ ከዚያ በፊት ከሆነ ለኮምፒውተርሽ ሰርተፍኬቱ ገና አልተወለደም። ባትሪዋ ሲአር2032 ትባላለች። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ሽቦ ያለው ዓይነት ስለሆነ አሮጌዋን ይዘሽ ሄደሽ አመሳስለሽ ግዢ።

ከዚያ ፋይሎችሽን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጪ። 80 ጊጋ ዲስክ ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን አልመክርም። ሁለቱም ይጨናነቃሉ። ሙሉውን ለሊኑክስ ስጪ።

ማውረዱ ላይ ዳታሽ እንዳይባክን ተጠንቀቂ። ዴቢያን ኔትኢንስት የሚባል ትንሽ ፋይል አለው፤ ከ1 ጊጋ በታች ነው። የሚፈልገውን ብቻ በኋላ እየመረጠ ያወርዳል። ላንቺ ይሄ ነው። የሌሊት ፓኬጅ ገዝተሽ አውርጂው፤ ወይም ቢሮ ወይም ግቢ ውስጥ ዋይፋይ ያለው ሰው ለምኚ። ዓይነቱን ስትመርጪ ኤኤምዲ64 የሚለውን ውሰጂ። «የእኔ ኢንቴል ነው» ብለሽ እንዳትሸሺው፤ ስሙ ነው እንጂ ለኢንቴልም ለኤኤምዲም ያው ነው። ዊንዶውስሽ 32 ቢት ቢሆንም ግድ የለም፤ ኮር 2 ዱዎ 64 ቢት ይችላል። 32 ቢት ብቻ የሚችሉት እንደ አተም ኤን270 ያሉ የትናንሾቹ ኔትቡኮች ፕሮሰሰሮች ናቸው። ለእነሱ ዴቢያን 12 ላይ መቆየት ነው፤ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 የወጣው ዴቢያን 13 የ32 ቢት ጫኝ የለውም።

ፍላሹን ለማዘጋጀት ሩፈስ የሚባለውን ፕሮግራም ተጠቀሚ። እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። አዲሱ ሩፈስ ዊንዶውስ 7 ላይ አይከፈትም። 3.22 የሚለው ቅጂ ነው የመጨረሻው። ወይም በጓደኛ ላፕቶፕ ሥሪው። ፋይሉን በምን መንገድ ልጻፈው ብሎ ሲጠይቅሽ «ዲዲ» የሚለውን ምረጪ። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ ፍላሹን አነስ አድርጎ ቢያሳይሽ አልተበላሸም፤ በሩፈስ እንደገና ፎርማት ሲደረግ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ፍላሹን ሰክተሽ አስነሺና ኤፍ12ን ደጋግመሽ ተጫኚ። ዝርዝር ይመጣል፤ ዩኤስቢውን ምረጪ። ዲ630 ላይ ይሄ ያለ ችግር ይሠራል።

ጫኙ ይከፈታል። በግራፊክሱ ጫኝ የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ አማርኛም አለ፤ ሳየው ደስ ይለኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን እንግሊዝኛውን ምረጪ እልሻለሁ። ስህተት ሲመጣ የስህተቱን ቃል እንዳለ ፈልገሽ መልስ የምታገኚው በእንግሊዝኛ ነው። አገር ሲጠይቅ «አዘር» ግቢና አፍሪካ፣ ከዚያ ኢትዮጵያ። ይሄ ሰዓቱን የአዲስ አበባ ያደርግልሻል። ቀጥሎ እንግሊዝኛና ኢትዮጵያ አብረው አልተመዘገቡም የሚል ነገር ይልሻል። አትደንግጪ፤ ዩናይትድ ስቴትስ የሚለውን ምረጪና እለፊ።

ኔትወርክ ላይ ሲደርስ ስልክሽን በቻርጀር ገመድ ሰኪና ሴቲንግ ውስጥ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን አብሪ። ጫኙ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ገመድ ያየዋል። ይሄ በጣም የምወደው ዘዴ ነው። የብሮድኮም ዋይፋይ ያለበት ማሽን ላይ ዋይፋዩ እንዲሠራ ፋይል ማውረድ አለበት፤ ለማውረድ ደግሞ ዋይፋይ ያስፈልጋል። ዶሮዋ ናት እንቁላሉ? ስልኩ ይገላግልሻል። ስልክሽ ራሱ ዋይፋይ ላይ ከሆነ ያንኑ ነው የሚያካፍለው፤ ዳታ አይቆጥርብሽም። ገመዱ ላላ ያለ ከሆነ ግን ሌላ ፈልጊ፤ መሃል ላይ ሲነቃነቅ ቴተሪንጉ ይጠፋል።

የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ፓስወርድ ሲጠይቅሽ ባዶ ተዪው። ባዶ ከተውሽው ሱዶ የሚባለውን፣ በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያሠራውን ትእዛዝ፣ ራሱ ይጭንና ለወንድምሽ አካውንት ፈቃዱን ይሰጠዋል። ብዙ ሰው እዚህ ፓስወርድ ይሞላና በኋላ «ሱዶ አይሠራም» ብሎ ይጨነቃል።

ዲስኩ ላይ ስትደርሺ ቀስ በዪ። «ጋይድድ» ብለሽ ሙሉ ዲስኩን፣ ሁሉንም በአንድ ክፍል የሚለውን ምረጪ። ከዚያ በፊት ግን መጠኑን አንብቢ። ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚሉት ስሞች ቋሚ አይደሉም። አንዳንዴ ፍላሹ ኤስዲኤ፣ ሃርድ ዲስኩ ኤስዲቢ ይሆናል። 80 ጊጋ የሚለው ነው ያንቺ። እኔ ይሄን የተማርኩት ተሰክቶ የረሳሁትን የራሴን ኤክስተርናል ዲስክ ከነፎቶዎቹ ጠርጌ ነው። ስሙን አየሁ፣ ቁጥሩን አላየሁም። የማያስፈልግሽን ሁሉ ንቀዪ፤ ስልኩና ፍላሹ ብቻ ይቅሩ። መጨረሻ ላይ ግራብ (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የት ይጫን ሲልሽም ያው 80 ጊጋውን ዲስክ ስጪው፤ ፍላሹ ላይ ከጫንሽው ፍላሹን ስትነቅዪ ማሽኗ አትነሳም።

ከየት ላውርድ ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ ከዝርዝሩ ዴብ ነጥብ ዴቢያን ነጥብ ኦርግ የሚለውን ውሰጂ። ቅርብ ያለውን እሱ ራሱ ይፈልጋል።

አሁን ሳጥኖቹ ጋ ደረስን። «ሶፍትዌር ሰሌክሽን» ይላል ገጹ። ዴቢያን ዴስክቶፕ እና ኖም የሚሉት ላይ ምልክት አለ። ሁለቱንም አጥፊ። «ስታንዳርድ ሲስተም ዩቲሊቲስ» የሚለው ብቻ ይቅር። ምልክት የሚጠፋው በስፔስ ነው። ኢንተር ከተጫንሽ ሳያጠፋ ያልፋል! ይሄን ስህተት የማይሠራ ጀማሪ አላየሁም። ኢንተር ብለሽ ካለፍሽ ያንቺ ዳታ ሙሉ ኖምን ማውረድ ይጀምራል። ከሆነብሽ ማሽኗን አጥፍተሽ ከመጀመሪያው ጀምሪ፤ ምንም አትሆንም።

ጭነቱ አልቆ ስትነሳ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ ታያለሽ። አለቀላት ብለሽ እንዳትደነግጪ። ይሄ ነው ባዶ ዴቢያን። ስም ያስገባል፣ ፓስወርድ ያስገባል። ፓስወርዱ ሲተየብ ኮከብ እንኳን አይታይም፤ እየገባ ነው። ሲከፈት ፍሪ ሰረዝ ኤች ብላችሁ ተይቡና ራሙን እዩ። ወንድምሽ እዚያች ቁጥር ላይ ይደነቃል። (ትእዛዞቹን እኔ በእኛ ፊደል እጽፋቸዋለሁ፤ እናንተ በላቲን ነው የምትተይቡት።)

ከዚህ በኋላ ዕቃውን ወደ ባዶው ቤት ማስገባት ነው። ፕሮግራም የሚጫነው «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብሎ ስሙን በመጻፍ ነው። አፕት ደስ የሚል ጠባይ አለው። ከማውረዱ በፊት ስንት ሜጋባይት እንደሚያወርድ ይነግርሻል፣ ይቀጥል ወይ ብሎም ይጠይቃል። ዳታሽን አይተሽ «ኤን» ማለት ትችያለሽ።

አፕት ሌላም ጠባይ አለው፤ አንድ ስታዝዢው ይጠቅምሻል ያለውን አሥር ጨምሮ ያመጣል። ይሄን የሚከለክለው «ድርብ ሰረዝ ኖ ኢንስቶል ሪኮሜንድስ» የሚለው ነው፤ ሦስቱም ቃላት በሰረዝ ተያይዘው ይጻፋሉ። ከዚህ በኋላ የቁጠባ ቃል እለዋለሁ። በዚህ የቁጠባ ቃል ኤክስኦርግን (ምስሉን የሚያወጣው)፣ ኤክስኤፍሲኢ4ን (ዴስክቶፑ)፣ ላይትዲኤምን (የመግቢያው ገጽ)፣ ኤክስኤፍሲኢ4-ተርሚናልን እና ኔትወርክ-ማናጀር-ኖምን ጫኚ። የመጨረሻው ስሙ ኖም ቢልም ኖምን አያመጣም፤ የዋይፋይ ምልክቷ ናት።

ግን ቁጠባ ዋጋ አለው። የሚቀሩት ነገሮች አንዳንዶቹ ያስፈልጋሉ፤ ስማቸውን የማያውቅ ሰው ደግሞ ሊኑክስ ተበላሸ ይላል። ፍላሽ ሲሰካ ካልታየ የጎደለው ጂቪኤፍኤስ፣ ዩዲስክስ2 እና ቱናር-ቮልማን ነው። ማሽኗን ከሜኑው ማጥፋት ካልቻላችሁ ፖልኪትዲ የለም። ድምፅ ከሌለ ፐልስኦዲዮ እና ፓቩኮንትሮል አልተጫኑም። እኔ እነዚህን ስድስቱን ከመጀመሪያው አብሬ ነው የምጭናቸው። ራም ላይ የሚጨምሩት ጥቂት ነው።

ዋይፋዩ ብሮድኮም ከነበረ አፕት ከየት እንደሚያወርድ በተጻፈበት በሶርስስ ፋይሉ ውስጥ «ሜይን» ከሚለው ቀጥሎ «ኮንትሪብ» የሚል ቃል ጨምሪ፣ አፕት አፕዴት በዪ፣ ከዚያ ፈርምዌር-ቢ43-ኢንስቶለር የሚለውን ስልኩ እንደተሰካ ጫኚ። ኢንቴል ከሆነ የሚያስፈልገውን ጫኙ ራሱ አምጥቶታል። ከዴቢያን 12 ጀምሮ እነዚህ ፋይሎች ከጫኙ ጋር ስለሚመጡ ድሮ የነበረው ጣጣ ቀርቷል።

አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ። ስትጭኚ በዋይፋይ ከጫንሽ፣ ጫኙ የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ ኢንተርፌስስ የሚባል ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል። በኋላ ኔትወርክ ማናጀር ያንን አይቶ «ይሄ የእኔ አይደለም» ብሎ ይተወዋል። ምልክቷ ላይ «ማኔጅ አይደረግም» የሚል ነገር ታያላችሁ። መፍትሔው ኢቲሲ፣ ኔትወርክ፣ ኢንተርፌስስ የሚለውን ፋይል ናኖ በሚባለው መጻፊያ ከፍቶ የዋይፋዩን መስመሮች ማጥፋትና ማሽኗን ማስነሳት ነው። ሎ የሚለውን መስመር አትንኩት። በስልክ ገመድ ከጫንሽ ዋይፋዩ ከዚህ ያመልጣል፤ ለዚህም ነው ስልኩን የምወደው።

አማርኛው። ይሄን ያለ ቁጠባ ቃሉ ጫኚ፤ ቆጥበሽ ከጫንሽው ፋየርፎክስ ውስጥ አይጽፍም። ለመተየቢያው አይባስ እና አይባስ-ኤም17ኤን፣ ለፊደሉ ደግሞ ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ። ከዚያ አይኤም-ኮንፊግ ብለሽ አይባስን ምረጪ፣ ወጥተሽ ግቢ፣ አይባስ-ሴትአፕ ውስጥ ከአማርኛ «ሴራ» የሚለውን ጨምሪ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ስትጫኚ ቋንቋው ይቀያየራል። ሴራ በድምፅ ነው የሚሠራው፤ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ብለሽ ስትተይቢ ሰላም ይወጣል። ትልቁ ቲ ጥ፣ ትልቁ ሲ ጭ ይሆናል። ወንድምሽ ስልክ ላይ በሌላ ኪቦርድ ከለመደ ሁለት ቀን ይናደዳል፣ ከዚያ ይለምደዋል።

ለጽሑፍ ሙሉውን ሊብሬኦፊስ አታውርጂ። ሊብሬኦፊስ-ራይተር ብቻውን ይጫናል፣ ዎርድ ፋይልም ይከፍታል። ለፒዲኤፍ ኤምዩፒዲኤፍ። መልኩ ራቁቱን ነው፤ ቁልፍ የለው፣ ሜኑ የለው። ግን ባለ ብዙ ገጽ መማሪያ መጽሐፍ ወዲያው ይከፍታል። ፓይተን 3 ከስታንዳርዱ ጋር አብሮ ገብቷል፤ መጻፊያ ብቻ ጂኒ የሚባለውን ጨምሪ።

ብራውዘሩ ፋየርፎክስ-ኢኤስአር ይሁን። ሁለት ተጨማሪ ነገር አስገቢበት። ዩብሎክ ኦሪጅን ማስታወቂያውን ይቆርጣል፤ ለዳታሽም ለራምሽም ይጠቅማል። ኤች264ፋይ ደግሞ ዩቲዩብ ቪዲዮውን በድሮው የቪዲዮ መጭመቂያ በኤች264 እንዲልክ ያስገድዳል። ዩቲዩብ ዛሬ ቪፒ9 እና ኤቪ1 ነው የሚወደው፤ የዲ630 ግራፊክስ ደግሞ እነሱን አያውቃቸውም። ሥራው ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅና ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል። በኤች264 በ480 ጥራት ያለ ችግር ታያላችሁ። ለዳታውም 360 ይበቃል።

ዜድራም-ቱልስ የምትባለውን አትርሺ። ራሙ ሲሞላ ወደ ዲስክ ከመሮጥ በፊት የራሙን ይዘት እዚያው ራም ውስጥ ጨምቆ ያስቀምጣል። ኢቲሲ፣ ዲፎልት፣ ዜድራምስዋፕ በሚለው ፋይል ውስጥ ፐርሰንት 50፣ አልጎ ደግሞ ኤልዜድ4 አድርጊ። ዜድኤስቲዲ የበለጠ ይጨምቃል፣ ለአሮጌ ፕሮሰሰር ግን ኤልዜድ4 ይቀላል። 2 ጊጋ ራም ላይ ለውጡ በዓይን ይታያል።

ትንሽ ገንዘብ ካለሽ ራም ልግዛ ወይስ ኤስኤስዲ? ሁለቱም ይጠቅማሉ። ለብራውዘር ራም ይበልጣል፤ ዲ630 ሁለት ማስገቢያ አላት፣ እስከ 4 ጊጋ ትወስዳለች። ግን ዓይነቱ ዲዲአር2 ነው፤ ነገ ሌላ ላፕቶፕ ስትገዢ አይገባበትም። ኤስኤስዲው ግን ነቅለሽ ይዘሽው ትሄጃለሽ። ስለዚህ አንዱን ብቻ ከሆነ 120 ጊጋ የሳታ ኤስኤስዲ ግዢ። ዲ630 ላይ መቀየሩም ቀላል ነው፤ ሁለት ብሎን ፈትተሽ ዲስኩን በጎን መሳብ ብቻ። ከመጫንሽ በፊት አድርጊው እንጂ ሁለቴ አትልፊ። ዲዲአር2ውን ከተበላሸ ላፕቶፕ የሚነቅልልሽ ጥገና ቤት ካገኘሽ ደግሞ ምን ተሻለ። ዲዲአር3 እንዳይሸጡልሽ ብቻ፤ ጥርሱ መሃል ያለችው ክፍተት ቦታዋ ይለያል፣ አይገባም።

የላፕቶፕዋ ባትሪ ሳይሞት አልቀረም፤ የዚህ ዕድሜ ባትሪ አይቆይም። መብራት ሲጠፋ እሷም ድርግም ካለች ፋይል ሲስተሙን ጫኙ በሰጠሽ ኤክስት4 ላይ ተዪው። ድንገተኛ መጥፋትን በደንብ ይችላል። የማይተርፈው ያልተቀመጠ ጽሑፍ ነው፤ ራይተር ውስጥ በየ2 ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ አድርጊው።

ዝመናው በወር አንዴ ይበቃል። ሱዶ አፕት አፕዴት፣ ከዚያ ሱዶ አፕት አፕግሬድ። መጠኑን ይነግራችኋል። ፋየርፎክስ ያለበት ወር ይከብዳል፤ ሌላው ትንሽ ነው።

ወንድምሽን ደግሞ እንዲህ በዪልኝ። ፍሪ ፋየርና ፐብጂ ሞባይል አይታሰቡም፤ የስልክ ጌም ናቸው፣ ለእነሱ የሚሆን ኢሙሌተር ይቺን ላፕቶፕ ያፈነዳታል። ቼዝ በኤክስቦርድ አለ። ሱፐርተክስ የምትባል የምትዘል ፔንጉዊን አለች፤ ትሞከር። ካልተንቀሳቀሰች ግን ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ የ2007 ግራፊክስ ነው።